ሦስተኛዋ ሞቺ

ሁልጊዜ ሦስት ነበር የሚያስቀምጡት። ሱቁ ተዘግቶ የመጨረሻው ትሪ ታጥቦ ከተደፋ በኋላ፣ እማማ ጠርዟ ሰማያዊ የሆነች ትንሽ ሳህን ይዘው ከኩሽና ይወጡና በመካከላችን ያስቀምጧታል። ሳህኗ ላይ ሦስት ሞቺ አለ። እኛ ግን ሁለት ነን። አንድ እሳቸው ይበላሉ፣ አንድ እኔ እበላለሁ። ሦስተኛዋ ትቀራለች። እያየናት እንዳላየን ሆነን ሻያችንን እንጠጣለን። ከዚያ እማማ ሳህኗን በሌላ ሳህን ከድነው ያስቀምጧታል። ጠዋት ስመጣ ሞቺዋ ደርቃ፣ እንደ ሳሙና ጠንክራ አገኛታለሁ። የምጥላት እኔ ነበርኩ።

ሞቺ የጃፓኖች ጣፋጭ ነው። የሚጣበቅ ዓይነት ሩዝ በእንፋሎት ይበስልና እየተወቀጠ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። በውስጡ በስኳር የበሰለ ትንንሽ ቀይ አደንጓሬ ይገባበታል። ሲነክሱት ይለጠጣል። በተሠራ ቀን ካልተበላ አይበላም።

እማማ የምላቸው የሱቁ ባለቤት የጃፓን ሴት ናቸው። ሱቃቸው ብሉሚንግተን ውስጥ ነበረች፣ ከትልቁ የገበያ አዳራሽ ብዙ ሳትርቅ፣ በጥፍር ሳሎንና በስልክ መጠገኛ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ቤት። እዚያ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረው ነው የተዘጋችው። አንድ ነገር በጣም ፈልጌ «አልፈልግም» ያልኩት እዚያ ነው። ያንን ቃሌን ለመመለስ ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ሥራውን ያገኘልኝ አባቴ ነው። አባቴ ኤርፖርት ታክሲ ነው ድራይቭ የሚያደርገው። አንድ ቀን አንዲት ሴት ሁለት ትልልቅ ካርቶን ይዘው መኪናው ውስጥ ገቡ። መኪናው በሙሉ ቀረፋ ቀረፋ ሸተተ። ከእህታቸው ዘንድ፣ ከጃፓን መመለሳቸው ነበር። መንገድ ላይ ሠራተኛ እንደሚፈልጉ፣ የሚመጡት ሁሉ ግን ወሬ እንደሚያበዙባቸው ነገሩት። አባቴም ሴት ልጅ እንዳለችው፣ እሷ አንድ ቀን ሙሉ ብትናገር እሱ ራሱ እንደሚደነግጥ አጫወታቸው። ማታ ቤት ገብቶ ይህን ሲያወራ ሚስቱ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ሰው ሲስቅ ዝም ብሎ መቀመጥ ስለሚከብድ።

የምንኖረው ፍሪድሊ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ነው አባቴ ስፖንሰር አድርጎ ያመጣኝ። ከዚያ በፊት የማውቀው በስልክ ድምፁን ብቻ ነበር። እዚህ ስደርስ ሚስትና ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሩት። ሚስቱን እትዬ ነው የምላት። ክፉ ሰው አይደለችም። የሕክምና ዕቃ የሚገጣጥም ፋብሪካ ትሠራለች፤ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን በር ላይ እያወለቀች «በላሽ?» ትለኛለች። «አዎ» እላለሁ። ሳልበላም አዎ እላለሁ። የሁለታችን ንግግር በአብዛኛው ይህችው ነበረች። ልጆቹን በአማርኛ ስጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል፤ ፈጥነው ስለሚናገሩ ግማሹ ያመልጠኛል። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እናቴ ስትታመም ቤት የሚውል ሰው ጠፍቶ።

የእማማ እንግሊዝኛ ግን ቀስ ያለ ነበር። አንድ ቃል ይሉና ቆም ብለው ሌላውን ይፈልጋሉ። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያ ቀን ስማቸውን ነግረውኝ ነበር፣ በስማቸው እንድጠራቸው። በዚያ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴትን በባዶ ስማቸው መጥራት አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ ለብዙ ሳምንት በምንም አልጠራኋቸውም። የምፈልጋቸው ነገር ሲኖር ሄጄ ፊታቸው እቆማለሁ፤ ቀና ሲሉ እናገራለሁ። አንድ ቀን ባንኮኒው ጋ ለሻይ የተጣደው ውኃ ሲገነፍል አይቼ «እማማ!» አልኩ ሳላስበው። ዞር አሉና እሳቱን ቀነሱ። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቁኝም። ከዚያ ቀን በኋላ እማማ ሆኑ።

ሥራዬ ከፊት ነበር። ጣፋጮቹን ሳጥን ውስጥ እደረድራለሁ፣ በክር አስራለሁ፣ ደንበኛ ሲመጣ እሸጣለሁ፣ እጠርጋለሁ። ኩሽናው በር ላይ ከመሃሉ የተሰነጠቀ ሰማያዊ ጨርቅ ተሰቅሏል። እማማ ከዚያ ጨርቅ በስተጀርባ ጎህ ሳይቀድ ጀምረው ይሠራሉ። እኔ ከጨርቁ ወዲህ ነኝ። የእንጨት ማማሰያው ድስቱን ሲነካ፣ ውኃ ሲደፋ፣ እጃቸው ላይ ያለውን ዱቄት ሲያራግፉ እሰማለሁ። ድምፁን ብቻ ሰምቼ ምን እየሠሩ እንደሆነ ማወቅ ጀመርኩ።

ግድግዳው ላይ ያለው መደርደሪያ እማማ ከጃፓን በካርቶን ይዘውት የሚመጡት የየከተማው ጣፋጭ የሚቀመጥበት ነው። ከአንዱ ከተማ ቀረፋ ያለበት ሦስት ማዕዘን ስስ ነገር፣ ከሌላው በሜፕል ቅጠል ቅርጽ የተጋገረ ኬክ፣ ከሌላው በከሰል ላይ የተጠበሰ የሩዝ ብስኩት። በአገራቸው መንገድ የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም አሉኝ። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ጣፋጭ አለው፤ ሰው ሳጥኑን አይቶ የት እንደነበርክ ያውቃል። ከዚያ የእኔ ከተማ ጣፋጭ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ብዙ አሰብኩ። ከረሜላ ልል አሰብኩና አፈርኩ። በመጨረሻ «ማር» አልኩ። እማማ ለረጅም ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ትልቅ ነገር እንደሰማ ሰው።

የመጀመሪያዋ የሥራ ቀኔ ረቡዕ ነበረች። እማማ አንድ ሞቺ በወረቀት ላይ አድርገው ሰጡኝ። ጾም ስለሆነ እንቁላል ወይም ወተት ይኑርበት አይኑርበት ሳላውቅ አልበላም፣ መጠየቅም አፈርኩ። «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም። ወረቀቷን ይዘው ተመለሱ። በሚቀጥለው ሳምንት እንደ ምንም ብዬ፣ ጣቴን ወደ ሞቺው ቀስሬ «እንቁላል? ወተት?» አልኳቸው። የለም አሉ፤ ሩዝ፣ አደንጓሬ፣ ስኳር። እዚያች ሱቅ ውስጥ ካለው አብዛኛው የጾም ምግብ ሆኖ ተገኘ። የሜፕል ቅጠሉ ኬክ ብቻ እንቁላል ነበረበት። ጥቂት ወራት ሲያልፉ እማማ ረቡዕና ዓርብ ሲሆን ያንን ኬክ ከፊቴ እያነሱ «እንቁላል» ይሉኝ ጀመር። የጾም ቀኔን ከአባቴ ይልቅ እሳቸው ያስታውሱ ነበር።

ቤት ውስጥ ስለ ሱቁ ስጠየቅ ብቻ ነበር የምናገረው። አንድ ቀን እትዬ ምን እንደምንሸጥ ጠየቀችኝና «ሞቺ» አልኳት። እጇ ላይ የነበረውን ሽንኩርት አስቀመጠች።

«ማንን ነው ሙቺ የምትዪው?»

ስሙ እንደሆነ አስረዳኋት። እሷም በእሷ ቤት ሙቺ እንደማይባል፣ ሌላ ስም እንድፈልግለት ነገረችኝ። ቀልዷን ነው፣ ቢሆንም ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ «ያ ነጩ» ነበር የምንለው። ትንሽ ቆይቼ፣ ወሬው እንዳይቋረጥ ብዬ፣ በጃፓን በየአዲስ ዓመቱ ሽማግሌዎችን ጉሮሮአቸው ላይ እየቆመ እንደሚያንቃቸው፣ ለዚህም እማማ በመቀስ ቆራርጠው እንደሚበሉ ነገርኳት።

«ምን ያድርግ» አለች፣ «ስሙን አስቀድሞ ነግሯቸዋል።»

ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። አብረን ስቀን ስለማናውቅ።

ደግሞ የዱቄቱ ነገር አለ። እማማ አንድ ቀን የተቆላ አኩሪ አተር ዱቄት በከረጢት ሰጡኝ። እነሱ ከስኳር ጋር ቀላቅለው ሞቺ ላይ ይነሰንሱታል። ቤት ወስጄ ለማንም ሳልናገር የኩሽና መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። መልኩ ቁርጥ ሽሮ ነው። ዓርብ እትዬ ከሥራ ገብታ ሽንኩርት አቁላልታ፣ በርበሬ ጨምራ፣ ያንን ዱቄት ወጥ አድርጋ ሠራችው። ገና ሽታው ሲመጣ አወቅኩ። ልናገር አልኩ፣ ግን ዱቄቱ ድስት ውስጥ ገብቷል፤ አሁን ብናገር ታፍራለች ብዬ ዝም አልኩ። አባቴ ሁለት ጊዜ ቀምሶ ይህ ሽሮ ከየት እንደመጣ ጠየቀ፣ የሕፃን ምግብ ይመስላል አለ። እኔ ሳህኔን ጠርጌ በላሁ።

በሁለተኛው ቀን እትዬ ከረጢቱን ገልብጣ የጃፓኑን ጽሑፍ አየች። ለምን እንዳልነገርኳት ስትጠይቀኝ ይሉኝታ ይዞኝ ነው አልኳት። ፍሪጁን ተደግፋ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪወርድ። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ቆመና አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ መርዝ ቢሆንስ? እንዲሁ ዝም ብለሽ ትበዪው ነበር?»

እውነቱን ለመናገር፣ ሳልበላው አልቀርም ነበር።

ነገሩ የሆነው በጥር ነው። በረዶው ብዙ ስለነበር ደንበኛ አልመጣም። እማማ የቀኝ እጃቸውን አንጓ በጨርቅ አስረው ነበር፤ ከወራት ጀምሮ ያማቸዋል። ሰማያዊውን ጨርቅ ገልጠው ወጡና አጠገቤ ቆሙ። ሳጥን እያጠፍኩ ነበር።

«መሥራቱን መማር ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

ከዚያ ጨርቅ ጀርባ መግባት፣ ድስቱን ማየት፣ ከሰው ጎን ቆሞ በእጅ አንድ ነገር መሥራት፤ ይህን ስንት ጊዜ ተመኝቼዋለሁ። አፌ ግን የሚያውቀውን ተናገረ። «አይ፣ ግድ የለም፤ አይድከሙ» አልኳቸው።

እኛ ዘንድ ለመጀመሪያው ጥያቄ እሺ አይባልም። በመጀመሪያው እሺ የሚል ሰው እንዳላደገ ነው የሚቆጠረው። አንድ ጊዜ አይ ትላለህ፣ ጠያቂው ይደግማል፣ ያኔ እየተግደረደርክ ትቀበላለህ። እናቴ ጎረቤት ቤት ስትልከኝ እንኳ ይህን አስጠንቅቃኝ ነበር የምትልከኝ። እኔም አይ ብዬ ሁለተኛውን ጠበቅኩ። እማማ ትንሽ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፣ እንደ ገባው ሰው። ከዚያ ጨርቁን ገልጠው ገቡ።

እስከ መዝጊያችን ሰዓት ድረስ ጆሮዬ እዚያው ነበር። ማታ ሦስቱን ሞቺ አመጡ። አንድ በሉ፣ አንድ በላሁ። አሁን ይጠይቁኛል አልኩ። ስለ በረዶው አንድ ነገር ተናገሩና ሳህኗን ከደኗት። ነገ ይጠይቁኛል አልኩ። በማግስቱም አልጠየቁም። በሳምንቱም። እሳቸው አልፈለገችም ብለው ትተውታል። እኔ ደግሞ አሁን ተነስቼ «እፈልጋለሁ» ብል ምን ይሉኛል እያልኩ ቀረሁ።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ ወረቀት ሰጡኝ፣ በሩ ላይ እንድለጥፈው። ለጠፍኩት። እንግሊዝኛ ማንበብ ስለሚከብደኝ ሰው ፊት አላነብም። ስለዚህ ቆሻሻ ልጥል የወጣሁ መስዬ ወደ ውጭ ወጣሁና ብርዱ ውስጥ ቆሜ ቃል በቃል አነበብኩት። መዝጋት የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ሜይ የሚለውንም። ሱቁ በሜይ መጨረሻ ሊዘጋ ነው። ስገባ እማማ ባንኮኒው ጋ ቆመው ነበር። አነበብኩ አላልኳቸውም። ማታ እንደ ልማዳችን ሻይ ጠጣን።

ከዚያ ወዲህ ባቡር ላይ መለማመድ ጀመርኩ። ከፍሪድሊ በባስ ዳውንታውን እወርዳለሁ፤ ከዚያ በሰማያዊው መስመር እስከ ብሉሚንግተን። መስኮቱን እያየሁ በሆዴ «እማማ፣ መማር እፈልጋለሁ» እላለሁ። ኤርፖርቱ ጋ ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሲገባ መስኮቱ ይጨልምና ራሴን አያለሁ። አፌ እየተንቀሳቀሰ ነው። ዋሻው ውስጥ ሳለሁ ሁልጊዜ ዝግጁ ነበርኩ። ሱቁ በር ላይ ስደርስ ቃሉ የለም።

ሰዎች ዝምተኛ ሰው የሚናገረው የሌለው ይመስላቸዋል። እኔ ያኔ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዓረፍተ ነገር ተሸክሜ ነበር የምውለው፤ የማራግፍበት ቦታ አጥቼ።

ሚያዝያ ገባ። ሁዳዴ ገና አልተፈታም። እማማ በጸደይ ብቻ የሚሠራውን ሮዝ ሞቺ ሠሩ። እሱ ሩዙ ሙሉ በሙሉ አይደቅም፣ ፍሬ ፍሬው ይታያል፤ በጨው በተቀመጠ የቼሪ ቅጠል ይጠቀለላል። ቅጠሉ አብሮ ይበላል። በሌላው የጃፓን ክፍል በዚሁ ስም የሚጠሩት እንደ ስስ ቂጣ የተጋገረ ነገር ነው አሉኝ። ትክክለኛው ግን የእሳቸው ከተማ የኦሳካው እንደሆነ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ትንሽ ከፍ አለ። ያን ቀን ሰው ሁሉ ሊሰናበታቸው መጥቶ ስለነበር ሁሉም ተሸጠ። ሦስት ብቻ ቀረ።

ሦስቱን በሳህኗ አመጡ። አንድ በሉ። አንድ በላሁ። ጨውና ስኳር አንድ ላይ አፌ ውስጥ ሲቀልጥ እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሦስተኛዋ ቀረች። ለመጀመሪያ ጊዜ እማማ አተኩረው አዩዋት።

«እኔ አገር» አሉ፣ «ለዚህች ስም አለ።»

በኦሳካ ብዙ ሰው ከሚበላበት ሳህን ላይ መጨረሻ የምትቀረው፣ ሁሉም እየፈለጋት ማንም የማያነሳት፣ የራሷ ስም አላት አሉኝ። ስሙን በጃፓንኛ ነገሩኝ። ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ሲፈልጉ አጡት። መፈለግ ነው አሉ። ግን እጅን መያዝ። ሌላው ይቅደም ማለት። ሰው ምን ይለኛል ማለት። አንድ እጃቸውን ወደ ሞቺዋ ዘረጉና በሌላኛው እጃቸው ያዙት፣ እንዲገባኝ ብለው። ሳይጨርሱ ገብቶኝ ነበር።

«ይሉኝታ» አልኩ።

«ምን?»

ቃሉን ደገምኩላቸው። እኛም አለን አልኳቸው፤ ውስጡ «ይሉኛል» የሚል አለበት፣ ሰዎች ስለ እኔ አንድ ነገር ይላሉ ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ሞክረው በአራተኛው በትክክል ጠሩት። ያን ያህል ረጅም ንግግር ተናግሬአቸው አላውቅም ነበር። ከተናገርኩ ዘንድ ብዬ ለምን ሁልጊዜ ሦስት እንደሚያስቀምጡ ጠየቅኳቸው።

«የእኔ፣ የባለቤቴ፣ የልጄ» አሉ። ልጃቸው ሲያትል ናት። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። «እጄ ሁለት መቁጠር አልተማረም።»

ያኔ ሦስተኛዋን አነሳሁና እንዳለች አፌ ውስጥ ከተትኳት። ወደ ኋላ እንዳልመለስ ብዬ ነው። ግን ሞቺ እንደዚያ አይበላም። ጉንጬ ሞላ፣ ጥርሴ ላይ ተጣበቀ፤ ያን ሁሉ ቀን ባቡር ላይ የተለማመድኩት ዓረፍተ ነገር ከሞቺው ኋላ ተሰልፎ መጠበቅ ነበረበት። እማማ ውኃ አቀረቡልኝ። አላምጬ እስክውጥ ጠበቁኝ።

«እማማ፣ በጥር አይ ያልኩት አዎ ነበር» አልኳቸው።

ስለምን እንደምናገር ወዲያው ገባቸው። ረስተውት አልነበረም።

«ታዲያ ለምን አይ አልሽ?»

«እኛ አገር አንዴ አይበቃም። ሁለቴ ይጠየቃል።»

እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ለጊዜው የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቁ ኖሯል።

«እኛም አገር ሁለቴ ነው» አሉ። «እዚህ ብዙ ቆየሁ። ረሳሁት።»

በማግስቱ ገና ሳይነጋ አባቴ ወደ ኤርፖርት ሲሄድ አድርሶኝ፣ ሰማያዊውን ጨርቅ ገልጬ ገባሁ። የቀረን አምስት ሳምንት ነበር።

ከሁሉ በፊት አደንጓሬውን መልቀም። ይህን ማንም ሊያስተምረኝ አያስፈልግም፤ ምስር ስለቅም ነው ያደግኩት። እማማ እጄ ሲሮጥ አይተው የራሳቸውን ትሪ ወደ እኔ ገፉት። የመጀመሪያው ውኃ ሲፈላ ይደፋል፣ ምሬቱ እንዲወጣ። ከዚያ ቀስ ብሎ ይበስላል፣ አንዷ ፍሬ በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት መካከል ስትጫን እስክትደቅ። ትንሿ ጣት የሆነችው ጉልበት ስለሌላት ነው። ስኳሩ በሦስት ጊዜ ይገባል፤ ሁሉም በአንዴ ከገባ ፍሬው ይደነግጥና ይጠነክራል። መጨረሻ ላይ ቁንጥር ጨው ይደረግበታል።

በመጀመሪያው ቀን ማማሰያውን ሲሰጡኝ እንደ ገንፎ አገላበጥኩት። በሁለት እጄ ይዤ፣ ድስቱን በጉልበቴ ደግፌ። እኛ ቤት ድስት ላይ የቆመች ሴት ላብ በላብ ካልሆነች እንደ ሠራች አይቆጠርም። እማማ ከኋላዬ መጥተው አዩ። ፍሬው በሙሉ ፈርጦ ነበር።

«ማን እያሳደደሽ ነው?» አሉኝ።

አልጣሉትም። በወንፊት አሳልፈው ልሙጥ አደረጉትና ለሌላ ጣፋጭ አዋሉት። ከዚያ በኋላ ማማሰያውን በድስቱ ጠርዝ ዙሪያ፣ የተኛ ሰው እንዳይነቃ እንደምትራመድ ዓይነት ማዞር ተማርኩ። በድስቱ ወለል ላይ ስታሰምርበት መስመሩ ትንሽ ቆይቶ ከጠፋ ደርሷል። ሁሉንም በአማርኛ በደብተሬ ጻፍኩ። መለኪያ የለውም፤ «ትንሿ ጣት እስክታደቀው»፣ «ሊጡ የጆሮ ጫፍ እስኪመስል» እያልኩ ነው የጻፍኩት። እማማ ፊደሉን አይተው ደስ አላቸው። ከጎኑ በራሳቸው ፊደል አንድ ነገር ጻፉበት። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በአምስት ሳምንት የተማርኩት የአደንጓሬውን ሙሌትና ነጩን ሞቺ ብቻ ነው። ሮዙ በእጄ ተቀደደብኝ። ሌላው ብዙው፣ መደርደሪያው ላይ ያለው የየከተማው ሁሉ፣ ሳልነካው ቀረ። በጥር ጀምሬ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ብዙ ቀን ተቆጨሁ። እማማም ሳያስቡት አልቀሩም። አንድ ጊዜ «እጅሽ ይፈጥናል፤ አፍሽ ይዘገያል» አሉኝ።

ሱቁ ባዶ በሆነበት ቀን የመዳብ ድስቱን ይዘው ወጡ። «ይህን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ። ድምፄ ባዶው ቤት ውስጥ አስተጋባ። ሁለታችንም ሳቅን።

ወደ ሲያትል ሲሄዱ ኤርፖርት ያደረስናቸው እኔና አባቴ ነን። ጭናቸው ላይ በክር የታሰረ ሳጥን ይዘዋል፤ ለልጃቸው የሠራነው ነው። ስንወርድ እኔ እንደ እነሱ ልሰግድ ዝቅ አልኩ፣ እሳቸው እንደ እኛ ጉንጬን ሊስሙ ተጠጉ፤ ግንባራችን ተጋጨ። ግንባራቸውን እያሹ በሩ ውስጥ ገቡ። መኪናው ውስጥ ስመለስ አባቴ በመስታወቱ አየኝና እያለቀስኩ እንደሆነ ጠየቀኝ። አይ አልኩት። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

አሁን ብሉሚንግተን ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። መንገዴ ሱቋ በነበረችበት በኩል ስለማያሳልፈኝ አላያትም። እማማ አንዳንዴ ይደውላሉ። ድምፄን ሲሰሙ «ይሉኝታ» ይላሉ፣ ስሜ ይመስል። ከዚያ ስልኩን ይዘን ዝም እንላለን። ያ ዝምታ ደስ ይለኛል፤ ስልኩ ሲዘጋ የሚመጣው ግን ሌላ ዓይነት ነው።

ባለፈው እሑድ አባቴ ልጆቹን ይዞ ወጥቶ ነበር። እትዬ ኦቨርታይም ገብታለች። ቤቱ ጸጥ ሲል የመዳብ ድስቱን ከቤዝመንት አወጣሁና አደንጓሬ ጣድኩ። ማንም አላሳደደኝም። መውቀጫ ስለሌለኝ የሚጣበቀውን ሩዝ ዱቄት ከእስያ ሱቅ ገዝቼ ነበር። ስጨርስ ልብ ሳልል ትንሽ ሳህን አወጣሁና ሦስት አስቀመጥኩበት። አንዷን በላሁ። ሁለቱን እያየሁ ተቀመጥኩ።

እትዬ ገባች። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች። «በላሽ?» አለችኝ።

«አልበላሁም፤ ነይ እንብላ» አልኳት።

ቆም ብላ አየችኝ። እጇን ታጥባ መጥታ ተቀመጠች። ሻይ ቀዳሁላት። አንዷን አንስታ፣ ይህ ያ ስሙን የማትጠራው እንደሆነ ጠይቃ፣ በጥንቃቄ ነከሰች። በላች። ከዱቄቱ ሽሮ በእጅጉ ይሻላል አለች። ሦስተኛዋ ሳህኑ ላይ ቀረች። ሻያችንን ጠጣን። ትንሽ ቆይታ ልትተኛ ተነሳች።

«ጨምሪ እንጂ» አልኳት።

«በቃኝ፤ አንቺ ብዪው።»

ያንን በቃኝ አውቀዋለሁ። እዚህ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት «በላሽ?» ስትለኝ አዎ እያልኩ አሳልፌአታለሁ፤ ምናልባት እሷም በሩ ላይ ጫማዋን ይዛ ሌላ መልስ ስትጠብቅ ኖራ ይሆናል። መደገም እንዳለበት እሷም ታውቃለች። ማን ይድገመው ነው እንጂ።

«እትዬ፣ በሞቴ» አልኳት።

በዚህ አገር ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ቃል ነው። እጇ በሩ ላይ ቀረ።

«በሞቴ ነው በሞቺ?» አለች፤ ተመልሳም ተቀመጠች።

ሞቺ በእጅ ለሁለት አይቆረስም፣ ይለጠጣል እንጂ። በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላው በኩል እኔ ይዘን ጎተትናት። ዱቄቱ ጠረጴዛው ላይ ተበተነ።